ለማን ደረሰ? የሰፈር የጤና ፕሮግራም እንዴት ይመዘናል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)



የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ብዙ ጊዜ ለቢሮና ለባለሙያ ብቻ በሚተው ጉዳይ ላይ ነው። በየሰፈሩና በየቀበሌው የጤና ፕሮግራሞች አሉ። ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ነፍሰ ጡሮችን ያሰባስባሉ፣ የደም ግፊት ይለካሉ፣ ሕፃናትን ያስከትባሉ። አብዛኞቹ ሲጀመሩ የሚነገርላቸው ዓላማ ተመሳሳይ ነው፤ በደህና ኑሮ ባለውና በችግረኛው፣ በከተሜውና በገጠሬው፣ መንገድ ዳር በሚኖረውና ወንዝ ተሻግሮ በሚኖረው መካከል ያለውን የጤና ልዩነት ማጥበብ። ሪፖርት የሚቀርብበት ቀን ሲደርስ ግን ዓላማው ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል። ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ፣ ይህን ያህል ቤት ተጎበኘ፣ ከዕቅዱ ይህን ያህል በመቶ ተከናወነ ይባላል፤ ጭብጨባ ይከተላል። ልዩነቱ ጠበበ ወይስ ሰፋ ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

ይህ ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ልዩነትን ለማጥበብ የተቋቋመ ፕሮግራም የሚመዘነው ባከናወነው የሥራ ብዛት ወይም በአገር አማካይ መሆን የለበትም። የሚመዘነው መጀመሪያውኑ ወደ ኋላ ቀርተው በነበሩት ሰዎች ነው። ለእነሱ ደረሰ ወይ? ደረሰ ከተባለስ፣ ለውጡን ያመጣው ፕሮግራሙ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? ዛሬ የምንነጋገረው በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ዙሪያ ነው።

ከአገራችን እንጀምር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሥራ የጀመረው በ1995 ዓ.ም ነው። 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ የአካባቢያቸውን ቋንቋና ባህል የሚያውቁ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠለጠኑ። ደመወዝ ተቆርጦላቸውም 5 ሺህ ያህል ሕዝብ ባለው በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ሥራቸው በ16 የጤና ፓኬጆች የተከፋፈለ ነበር፤ ከመጸዳጃ ቤት ቁፋሮ እስከ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ከክትባት እስከ ወባ መከላከል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። በጭቃና በዳገት ከጎጥ ጎጥ የሚዞሩትን እነዚህን ሴቶች የሚያህል ባለውለታ የገጠሩ ጤና ብዙ የለውም።

አገራዊው ቁጥርም ያበረታታል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ በ2000 ሲካሄድ፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ በ2005 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ደግሞ ከመቶ 48 ሆነዋል።

እነዚህ ሁሉ አማካይ ናቸው። አሁን አማካዩን ከፍተን ውስጡን እንየው።

ጥናቱ ሲካሄድ መረጃ ሰብሳቢው ማንንም ገቢህ ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም። ወለሉ አፈር ነው ወይስ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ሣር ነው ወይስ ቆርቆሮ፣ የመጠጥ ውኃው ከየት ይቀዳል፣ ሬዲዮ አለ ወይ፣ ከብቱ ስንት ነው እያለ ይመዘግባል። ከዚያ በመላ አገሪቱ ያሉ ቤተሰቦች ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ይደረደሩና በአምስት እኩል እጅ ይከፈላሉ። የመጨረሻዎቹ ችግረኞች በአንደኛው እጅ፣ የተሻለ ኑሮ ያላቸው በአምስተኛው እጅ ይወድቃሉ።

እ.ኤ.አ በ2011 በጤና ባለሙያ እጅ የወለዱትን እናቶች በዚህ ስንከፍላቸው፣ ከችግረኞቹ እጅ ከመቶ 2 ገደማ፣ ከባለ ኑሮዎቹ እጅ ከመቶ 46 ገደማ ነበሩ። በ2016 ችግረኞቹ ወደ 11 ገደማ፣ ባለ ኑሮዎቹ ወደ 70 ገደማ ደረሱ። ልዩነቱ ጠበበ ወይስ ሰፋ?

እስቲ አብረን እናስላ። በመጀመሪያው ጥናት በሁለቱ መካከል 44 ነጥብ ነበር፤ በሁለተኛው 59 ነጥብ ሆነ። በዚህ ስሌት ልዩነቱ በ15 ነጥብ ሰፍቷል። በሌላ መንገድ እናስላው። መጀመሪያ የባለ ኑሮዎቹ ዕድል ከችግረኞቹ 23 እጥፍ ነበር፤ በኋላ ከ6 እጥፍ ጥቂት የሚበልጥ ሆነ። በዚህኛው ስሌት ልዩነቱ በጣም ጠቧል። ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው። እውነተኛ መዛኝ ሁለቱንም ያቀርባል። አንዱን ብቻ መርጦ የሚያቀርብ ሰው ግን አስቀድሞ ሊናገር የፈለገው ነገር አለው ማለት ነው፤ ስለዚህ አንድ ሪፖርት "ልዩነቱ በግማሽ ቀነሰ" ሲላችሁ፣ በነጥብ ነው በእጥፍ ብላችሁ ጠይቁ። ከሁለቱም ስሌት በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በ2016 ከመጨረሻዎቹ ችግረኛ እናቶች ከመቶ 89 ያህሉ የባለሙያ እጅ ሳይነካቸው ነው የወለዱት። ፕሮግራሙ የተቋቋመው ለእነሱ ነበር።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በዌልስ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች መንደር ውስጥ የሠራው ሐኪም ጁሊያን ቱዶር ሃርት እ.ኤ.አ በ1971 ባወጣው ጽሑፍ ጥሩ ሕክምና አብዝቶ የሚገኘው ብዙም በማያስፈልጋቸው ዘንድ እንደሆነ፣ አብዝቶ በሚያስፈልጋቸው ዘንድ ግን እንደሚጎድል አሳየ። ብራዚላዊው ተመራማሪ ሴዛር ቪክቶራና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2000 ነገሩን አንድ እርምጃ ወሰዱት። አዲስ የጤና አገልግሎት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠቀሙት የተማሩት፣ መንገድና ገንዘብ ያላቸው ናቸው፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልዩነቱ ይሰፋል። ባለ ኑሮዎቹ ከዚያ በላይ ሊሻሻሉ ወደማይችሉበት ደረጃ ሲደርሱ ነው ችግረኞቹ መድረስ የሚጀምሩት። ቪክቶራ ይህን ያየው በራሱ አገር በብራዚል ነው።

ለመዛኝ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ፕሮግራሙ በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት ልዩነቱ ሰፍቶ ቢገኝ፣ ከሸፈ ብሎ መዝጋት ችኮላ ነው። በስምንተኛው ዓመትም ያው ሆኖ ከተገኘ ግን "ጊዜ ይፈልጋል" የሚለው መልስ ከእንግዲህ አይሠራም። ያኔ አገልግሎቱ የሚሰጥበት ቦታ፣ ሰዓትና መንገድ ራሱ መቀየር አለበት።

የቦታ ልዩነትም እንዲሁ ነው። በ2016ቱ ጥናት ሁሉንም መሠረታዊ ክትባት ያጠናቀቁ ሕፃናት በአገር ደረጃ ከመቶ 39 ነበሩ። በአዲስ አበባ ከመቶ 89፣ በአፋር ከመቶ 15። አዲስ አበባ ላለችውም አፋር ላለችውም እናት 39 የሚለው ቁጥር ስለ ልጇ ምንም አይነግራትም።

እስከ አሁን ያልኩት ስለተቆጠሩ ሰዎች ነው። ያልተቆጠሩስ?

ወደ አንድ የገጠር ጤና ኬላ እንግባ። በመደርደሪያው ላይ የቤተሰብ ማህደሮች ተደርድረዋል፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ማህደር። በእያንዳንዱ ማህደር ውስጥ የእናቲቱና የልጆቹ ካርዶች አሉ። ከዚያ ሌላ በአሥራ ሁለት ወር የተከፋፈለ የእንጨት ሳጥን አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር በጥቅምት ለክትትል መጥታ ቀጣይ ቀጠሮዋ ታኅሣሥ ከሆነ፣ ካርዷ ከማህደሩ ወጥቶ በታኅሣሥ ክፍል ይቀመጣል። ስትመጣ ተጽፎበት ወደ ማህደሩ ይመለሳል ወይም ወደሚቀጥለው ቀጠሮዋ ወር ይሸጋገራል። ታኅሣሥ ሲያልቅ በዚያ ክፍል ውስጥ የቀሩት ካርዶች የእነማን ናቸው? ያልመጡት ሰዎች ካርዶች ናቸው።

በእኔ አስተያየት በጤና ኬላው ውስጥ ከዚያ የሳጥን ክፍል የበለጠ የምዘና መሣሪያ የለም። ወረዳው የሚጠይቀው ስንት ሰው መጣ ብሎ ነው። ሳጥኑ ግን ማን እንደቀረ በስም ይናገራል። የቀሩትን ካርዶች አውጥቶ በጎጥ በጎጥ መደርደር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አብዛኞቹ ከአንድ ጎጥ ከሆኑ ወንዙ ሞልቶ ይሆናል፣ ወይም የኬላው ቀን ከገበያ ቀናቸው ጋር ተጋጭቶ ይሆናል። አብዛኞቹ የመጀመሪያ ልጃቸውን የያዙ ለጋ ሙሽሮች ከሆኑ ደግሞ ከቤት እንዲወጡ የምትፈቅደው ወይም የምትከለክለው አማት ጋ መሄድ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ አማካሪ ድርጅት የሚሠራ ምዘና ነው።

ነገር ግን ማህደር ያልተከፈተላቸው አሉ። በከተማ በደባልነት የሚኖሩ ተከራዮች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ከገጠር መጥተው የቀን ሥራ የሚሠሩ ወጣቶች፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ወቅታዊ ሠራተኞች፣ ተፈናቅለው በዘመድ ቤት የተጠለሉ ቤተሰቦች። አንዲት የቤት ሠራተኛ በአሠሪዋ ቤተሰብ መዝገብ ውስጥ ብዙ ጊዜ አትጻፍም፤ የወላጆቿ ቤት መዝገብ ውስጥ ደግሞ ሄዳለች ተብላ ተሰርዛለች። ስለዚህ አንድ ወረዳ ከተመዘገቡት መቶ በመቶ አገለገልኩ ሲል ዋሽቷል ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ተጋላጭ የሆኑት ከመቶው ውስጥ የሉም።

ቁጥሩን በጥንቃቄ የምናይበት ሌላም ምክንያት አለ። ለወረዳ ዕቅድ የሚውለው የሕዝብ ቁጥር በ1999 ዓ.ም ከተካሄደው ቆጠራ ተነስቶ በግምት የተሰላ ነው። ግምቱ ከእውነተኛው ካነሰ ክንውኑ ያለ አግባብ ከፍ ብሎ ይታያል። በዚያ ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር ያቀረበ በስብሰባ ላይ ይወቀሳል፤ ከፍ ያለ ያቀረበ ይሸለማል። እ.ኤ.አ የ2016ቱ ጥናት ቤት ለቤት ሄዶ ሲጠይቅ ሦስተኛውን ዙር የፔንታቫለንት ክትባት የወሰዱት ሕፃናት ከመቶ 53 ሆነው ተገኙ፤ ከየወረዳው ተደምሮ የሚመጣው የቢሮ ሪፖርት ግን ከዚህ በብዙ ይበልጥ ነበር። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም ባወጣው የዘርፉ ዕቅድ የመረጃ አብዮትን ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ ያደረገው ችግሩን ስላወቀው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሻገር። ለውጥ ታየ እንበል፤ ያመጣው ፕሮግራሙ ነው ወይ?

አንድ ገበሬ ከግብርና ጽሕፈት ቤት አዲስ ዘር ወስዶ ዘራና ምርቱ በእጥፍ ጨመረ። ዘሩ ነው ያለው። ዘር ያልወሰደው ጎረቤቱ ግን የዚያን ዓመት እሱም እጥፍ አምርቷል፤ ዝናቡ ጥሩ ነበረና። ጎረቤቱን ሳያዩ ዘሩን ማመስገን ይቻላል ወይ?

በጤናም እንዲህ ያጋጥማል። ካምደን በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ከፊላደልፊያ ወንዝ ማዶ ያለች ድህነት የጠናባት ከተማ ነች። ሐኪሙ ጄፍሪ ብሬነር እዚያ የሆስፒታል መዝገብ ሲመረምር ጥቂት ሰዎች ደጋግመው እየተኙ አብዛኛውን ወጪ እንደሚወስዱ አየ። ብዙዎቹ ብዙ በሽታ የተደራረበባቸው፣ መጠለያቸው ያልተረጋጋ፣ ብቸኛ ሰዎች ናቸው። ነርሶችና ማኅበራዊ ሠራተኞች ያሉበት ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ ታማሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል፣ መድኃኒቱን ያስተካክልለታል፣ ቀጠሮው ቦታ ይወስደዋል። ሥራው በአሜሪካ ጋዜጦችና መጽሔቶች ተወደሰ፤ ሌሎች ከተሞችም መቅዳት ጀመሩ።

የሚደነቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቡድኑ ራሱ በዕጣ እንዲመዘን ፈቀደ። 800 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በቡድኑ ታቀፉ፣ ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና አገኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2020 መጀመሪያ ላይ ታተመ። በፕሮግራሙ የታቀፉት ሆስፒታል ተመልሶ መተኛታቸው 38 በመቶ ቀንሷል። እዚህ ላይ ብናቆም ድል ነበር። ያልታቀፉትም ግን በዚያው ልክ ቀንሰዋል። በስድስት ወር ውስጥ ተመልሰው የተኙት ከታቀፉት 62.3 በመቶ፣ ካልታቀፉት 61.7 በመቶ ነበሩ።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ሰዎቹ የተመረጡት ሕመማቸው በጣም በባሰበት ወቅት ነው። ሕመም ደግሞ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከጫፉ ላይ የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ በራሱም ይወርዳል። በፊትና በኋላ ያለውን ብቻ ያወዳደረ ሰው ያንን መውረድ የፕሮግራሙ ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል። እኛም አገር ወረርሽኝ ሲበረታ ዘመቻ ተጀምሮ፣ ወረርሽኙ ሲበርድ "በዘመቻው ምክንያት" የሚባልበት ጊዜ አለ። ዘመቻው ረድቶ ይሆናል። ዘመቻ ያልደረሰበት ቀበሌ እንዴት እንደሆነ ካልታየ ግን ይህን ማወቅ አይቻልም።

ዕጣ ሲባል አንዳንድ ሰው ይከፋዋል። ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን መከልከል ግፍ አይደለም ወይ ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለሁሉም በአንድ ቀን መድረስ የሚቻል ከሆነ ዕጣ ማውጣት በእርግጥ ግፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን በጀቱ ለመጀመሪያው ዓመት፣ ለምሳሌ ከሠላሳ ቀበሌ ለአሥሩ ብቻ ነው፤ ሃያው መጠበቁ አይቀርም። ማን ይቅደም የሚለውን ባለሥልጣን በትውውቅ ወይም ለመኪና በሚቀርብ መንገድ ከሚወስን ይልቅ በሕዝብ ፊት ዕጣ ቢወጣ የበለጠ ፍትሐዊ ነው። ለመዛኙም ትልቅ ዕድል ነው፤ ተራ የሚጠብቁት ቀበሌዎች ለንጽጽር ያገለግላሉ፣ ተራቸው ሲደርስም ይጠቀማሉ።

ይህ በአገራችን ተሠርቶ ታይቷል። እ.ኤ.አ በ1997 በትግራይ፣ ወባ በጠናባቸው ሁለት ወረዳዎች፣ ገብረየሱስ ኪዳነና ሪቻርድ ሞሮው የመሩት ጥናት ተካሄደ። በድምሩ 70 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላቸው ጣቢያዎች፣ በትግራይ አጠራር የቀበሌ ያህል ማለት ነው፣ በሕፃናት ሞት ብዛት ተመሳሳይ የሆኑት ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀመጡ። ከየጥንዱ አንዱ በዕጣ ተመረጠ። በዕጣው በወጡት ጣቢያዎች ውስጥ ከእናቶቹ መካከል አስተባባሪዎች ሠለጠኑና ጎረቤቶቻቸውን አስተማሩ። ልጅን ትኩሳት ሲይዘው የወባ ምልክቱን እንዴት እንደሚለዩ፣ ክሎሮኪን ወዲያው በቤታቸው እንዴት እንደሚሰጡ አሳዩአቸው። ሐኪም አልተጨመረም፣ ሕንፃ አልተሠራም። በሁለቱም ወገን የተወለደና የሞተ ሕፃን በየወሩ ተመዘገበ።

ዓመቱ ሲያልቅ፣ እናቶች በሠለጠኑባቸው ጣቢያዎች ከ6,383 ከአምስት ዓመት በታች ልጆች 190 ሞተዋል። በሌሎቹ ከ7,294 ልጆች 366። ከሺህ ስናሰላው 29.8 እና 50.2 ነው፤ ሞቱ በ40 በመቶ ቀንሷል። ተመራማሪዎቹ በዚህ አልረኩም። ልጆቹ የዳኑት በእርግጥ ከወባ ነው ወይ ብለው፣ ከሞቱት ልጆች ከሦስት አንዱ ቤት እየሄዱ ሕመሙ እንዴት እንደጀመረ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ምን ምልክት እንደነበረ ቤተሰቡን ጠየቁ። በወባ ሊሆን ይችላል የተባለው ሞት በሠለጠኑት ጣቢያዎች ከመቶ 19፣ በሌሎቹ ከመቶ 57 ሆኖ ተገኘ። የቀነሰው እናቶቹ የተማሩበት በሽታ ራሱ ነው ማለት ነው። በገጠር፣ በእናቶች እጅ በተሠራ ሥራ፣ እንዲህ ያለ ጠንካራ ማስረጃ መሰብሰብ ከተቻለ፣ "ምዘና ለእኛ ይከብዳል" የሚለውን ሰበብ ለመቀበል ይቸግረኛል።

እዚህ ላይ አደራ፤ ዛሬ በብዛት ለሚገኘው የወባ ዓይነት ክሎሮኪን አይሠራም፤ ተሕዋሱ መድኃኒቱን ተላምዶታል። ልጃችሁን ትኩሳት ሲይዘው ወዲያው ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

መልካም ውጤት ያልተገኘበትንም ልንገራችሁ፤ እንዲያውም ከዚህኛው ብዙ የተማርን ይመስለኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን ጨምሮ የሕፃናትን ሕመም በኬላቸው እንዲያክሙ ሲፈቀድ፣ በኦሮሚያ በጅማና በምዕራብ ሐረርጌ ዞኖች 31 ወረዳዎች በዕጣ ተከፍለው ሥራው በአንዳንዶቹ ቀድሞ ተጀመረ። የሕፃናት ሞት በሁለቱም ወገን ቀነሰ፤ ቀድሞ በተጀመረባቸው ወረዳዎች ግን የተለየ ቅናሽ አልታየም። ሠራተኞቹ አልቻሉበትም ነበር? ሌላ ቡድን ሲያክሙ ተቀምጦ ተመልክቶ ከታመሙት ልጆች 64 በመቶዎቹን በትክክል እንዳከሟቸው መዝግቧል፤ ለአጭር ጊዜ ለሠለጠነ ሰው ይህ ጥሩ ነው። ችግሩ ሌላ ነበር። የታመሙት ልጆች ወደ ኬላው አልመጡም። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፣ ባለሙያዋ አለች፣ የሚታከም የለም።

በሥልጠና ብዛት ብቻ ቢመዘን ኖሮ ይህ ፕሮግራም ሙሉ ውጤት ያገኝ ነበር። የሥራው ባለቤቶች ውጤቱን ሳይደብቁ ማሳተማቸው ክብር የሚገባው ነው፤ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ፣ እናቶች ለምን አይመጡም የሚለው፣ በግልጽ የተነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ኬላው የተዘጋበትን ቀን አጋጥሟቸው ይሆን? መድኃኒት የለም ተብለው ተመልሰው ይሆን? ወይስ ለከባድ ሕመም ኬላውን አያምኑትም? መልሱን የሚያውቁት ያልመጡት እናቶች ስለሆኑ፣ የመጡትን ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ሰው ወዳለበት መሄድ ምን ያህል እንደሚያመጣ ደግሞ ከሎስ አንጀለስ የተገኘ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በደም ግፊት ከሌላው አብልጠው ይሞታሉ፤ ሐኪም ዘንድም ብዙ አይሄዱም። ፀጉር ቤት ግን ይሄዳሉ። ሐኪሙ ሮናልድ ቪክተርና ባልደረቦቹ 52 ፀጉር ቤቶችንና 319 ደንበኞቻቸውን ይዘው ፀጉር ቤቶቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። በአንዱ ወገን ፋርማሲስት ፀጉር ቤቱ ድረስ እየመጣ የደም ግፊት ይለካል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ይከታተላል። በሌላው ፀጉር ቆራጩ ደንበኛውን "ጨው ቀንስ፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ" ብሎ ይመክራል። ከስድስት ወር በኋላ የላይኛው የደም ግፊት በመጀመሪያው ወገን በ27 ነጥብ፣ በሁለተኛው በ9.3 ነጥብ ወረደ። ከ130 በ80 በታች የደረሱት በመጀመሪያው ከመቶ 64 ገደማ ሲሆኑ፣ በሁለተኛው ከመቶ 12 ገደማ ነበሩ።

የንጽጽሩ ምርጫ ራሱ ያስተምራል። ፋርማሲስቱ የተወዳደረው ምክር ከሚሰጥበት ፀጉር ቤት ጋር ነው። ስለዚህ ምክር ብቻውን የት እንደሚያደርስ ታወቀ። በራሪ ወረቀት አሠራጨን፣ ግንዛቤ አስጨበጥን የሚሉ ሪፖርቶቻችንን ሳነብ እነዚያ ከመቶ 12ቱ ትዝ ይሉኛል።

በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችንም ዘንድ ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጓል። እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀመረው ረፉአ ሽሌማ በተባለ ፕሮግራም፣ አማርኛ የሚናገሩ አገናኞች በየክሊኒኩ ተመድበው በሐኪሙና በታማሚው መካከል ይቆማሉ፤ ቃሉን ከመተርጎም አልፈው ሕመምተኛው የሚያምነውንና የሚፈራውን ለሐኪሙ ያስረዳሉ። ምዘናው በሕመምተኛውና በክሊኒኩ ሠራተኞች መካከል ያለው ግንኙነት መሻሻሉን አሳይቷል። እንዲህ ያለውን ነገር መመዘን የሚቻለው ታማሚውን በራሱ ቋንቋ፣ ከሐኪሙ ፊት ዞር ብሎ በመጠየቅ ነው፤ በባዕድ ቋንቋ ሐኪሙ ፊት የተጠየቀ ትልቅ ሰው "ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይላል እንጂ ቅሬታውን አያወጣም።

አድማጮቻችን፣ ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ቀበሌያችን ስብሰባ እንመለስ። የጤና ጽሕፈት ቤቱ ሰው ቆሞ ክንውኑን ሲያነብ እጃችሁን አውጡ። "ይህ ቁጥር ከመቶ ስንት ነው፤ መቶው ውስጥ ተከራዮቹና የቤት ሠራተኞቹ አሉበት ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩ በጎጥ በጎጥ ተከፍሎ እንዲነበብ ጠይቁ፤ ዝቅተኛው ጎጥ የትኛው እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይነገራችሁ። ፕሮግራሙ ያልደረሰበት ጎረቤት ቀበሌ ያው ለውጥ ታይቶበት እንደሆነ ጠይቁ። ከኬላው የቀሩት ሰዎች ቤት ማን እንደሄደና ምን ብለው እንደመለሱለትም ጠይቁ። አዲስ ፕሮግራም ሊጀመር ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት "ዛሬ ያለንበት ሁኔታ ተለክቷል ወይ?" በሉ፤ መነሻው ያልተለካ ሥራ ከሦስት ዓመት በኋላ ማንም ሊመዝነው አይችልም።

ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አንድ ቃል አለኝ። ዝቅ ያለ ቁጥር ይዛችሁ ስትቀርቡ የሚወቅሳችሁ አለቃ ካለ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ያልመጡትን በስም አውቃችሁ ያቀረባችሁት ሪፖርት፣ መቶ በመቶ ከሚለው ይልቅ ለወረዳው ይጠቅመዋል። ወረዳውም በዚያ ስብሰባ ላይ ሊጠይቃችሁ የሚገባው እነዚያ ቤቶች ድረስ ለመሄድ በቅሎ፣ የቀን አበል ወይስ ተጨማሪ ሰው ያስፈልጋችኋል ብሎ ነው።

ለዛሬ የያዝነው ይህ ነበር። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)